ዓሣው ያልሠራው ከተማ

ስለ ዱባይ የሚያወራ ሰው «ትናንት እኮ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች!» ሳይል አያልፍም። ዕቃ ሊያመጣ የሚመላለሰው ነጋዴም፣ በኮንትራት ሠርታ የተመለሰችውም ይሉታል። በየስልጠናው አዳራሽ ስለ ራዕይ የሚሰብከው ግን ሲለው ዓይኑ እኛ ላይ ነው፤ እነሱ ከዓሣ ተነስተው እዚያ ሲደርሱ እናንተ ምን ነካችሁ ለማለት።

እኔን የሚከነክነኝ ዓሣው ባልዋለበት መመስገኑ ነው። አልተጠመደም አልልም። ሰርዲን አሸዋ ላይ እየተሰጣ ለግመል ቀለብ ሳይቀር ይውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1833 መጥተው የሰፈሩት 800 ያህል ሰዎች ግን ወንድሙን ገድሎ ሥልጣን ከያዘው የአቡ ዳቢ ገዥ ተለይተው የወጡ ናቸው። ዛሬም የሚገዛው የአል መክቱም ቤት ከእነሱ ይመዘዛል። ትልቁ ገቢ ደግሞ ዕንቁ ነበር። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ቆልፎ፣ እግሩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ይወርዳል፤ ትንፋሹ ሲያጥረው ገመዱን ይነቀንቃል፣ ጀልባው ላይ ያለው ጓደኛው ጎትቶ ያወጣዋል። ካፒቴኑ ብድር ስለሚሰጠው ወቅቱ አልቆ እንኳ ዕዳው አያልቅም። በባሕረ ሰላጤው ጠላቂዎች መካከል ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ነበሩበት፤ ከሐበሻ ምድር የተወሰዱም አሉ። ወገኖቻችን ያንን ባሕር ያወቁት ቪዛ የሚባል ነገር ሳይመጣ ነው፤ ያውም ሳይወዱ።

ከዚያ የቀረጥ ነገር መጣ። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ፋርሶች ሊንጋ ወደብ ላይ ቀረጥ ሲያጠብቁ የዱባይ ገዥ የራሱን ወደብ ቀረጥ አነሳ፤ ነጋዴው ባሕሩን ተሻግሮ ከተፍ አለ። ለመርካቶ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ጃፓናዊው ሚኪሞቶ ዕንቁን እንደ ጓሮ አትክልት ማልማቱና በ1930ዎቹ የዓለም ገበያ መውደቁ ተደራርበው ጠላቂዎቹን ሥራ ፈት አደረጓቸው። ነዳጅም ገና ነው፤ የተገኘው በ1966 ነው። የዱባዩ ገዥ ሼክ ራሺድ ግን ከዚያ ቀድመው ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላትን የባሕር ክንድ ደለል በብድር ገንዘብ አስጠርገዋል። በተጠረገው ውኃ ከወጡት ሸቀጦች አንዱ ወርቅ ነው። ከዱባይ ሲነሳ ሕጋዊ ሸቀጥ፣ ሕንድ ዳርቻ ሲደርስ ኮንትሮባንድ። መሀል ባሕር ላይ ምን እንዳገኘው ደግሞ የዱባይ ጉምሩክ የሚጠየቅበት ጉዳይ አልነበረም።