መነጽሬና ሐይቃችን

ስለ መነጽር ልጽፍ መነሣቴን የሰማ አንድ የክፍሌ ልጅ «ደግሞ መነጽር ምን ይጻፍለታል?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ቀድሞ እንደርሱ ባልሁ ነበር፤ ነገር ግን ዘንድሮ የደረሰብኝ ነገር አሳቤን ለውጦታል።

የተወለድሁት በአምባሰል ነው፤ ለትምህርት ወደ ሐይቅ ከተማ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት ከሰሌዳው ላይ 3ን ከ8 መለየት ስላቃተኝ በሒሳብ ወደቅሁ። አባቴም «ይህ ልጅ ሰነፈ» ብሎ ከትምህርት ሊያስቀረኝ ቆርጦ ነበር። ኋላ ግን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወስዶ ቢያስመረምረኝ ነገሩ ስንፍና ሳይሆን ዓይኔ ከሩቅ አለማየቱ ሆነና የመነጽር ቁጥር ተጻፈልኝ።

እናቴ ወዲያው ከሣጥን ውስጥ በነጠላ ቍራጭ የተጠቀለለውን የአያቴን መነጽር አወጣች። አያቴ ዳዊት ሲደግሙበት የኖሩት፣ ክብ የብረት ፍሬም ያለው ነው። «ፍሬሙ ይኸውልህ፤ መስተዋቱን ብቻ አስለውጠው» አለችኝ። እኔ ግን ጓደኞቼ «ሽማግሌው» እንዳይሉኝ ፈርቼ እንቢ አልሁ። አባቴ በግ ሸጦ ከደሴ ሰፊ ጥቁር የፕላስቲክ ፍሬም ገዛልኝ። እውነቱን ለመናገር አምሮብኝ ነበር።

በጥቅምት የተገዛው ፍሬም በየካቲት ማጠፊያው ተሰበረ። ሰዓት ሠሪው አገላብጦ አየውና «ልጄ፣ ይህ ብሎን የለውም፤ ማጠፊያው ከፕላስቲኩ ጋራ አብሮ የተሠራ ነው፤ ምኑን ልጠግነው?» አለኝ። በንዴት ሌንሶቹን አውልቄ ኪሴ ጨመርሁና ፍሬሙን ከሰፈራችን ፈፋ ወረወርሁት።

በመጋቢት የበልግ ዝናብ ወርዶ ፈፋውን ጠረገው። ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ብንወርድ ፌስታሉ፣ ሃይላንዱ፣ የተበጠሰው ኮንጎ ጫማ ሁሉ ከቄጠማው ሥር ተከምሯል። በመካከሉም አንድ ጥቁር የመነጽር ዘንግ ነበረ። የእኔ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን አንሥቼ ኪሴ ከተትሁት። ሐይቃችን ውኃ ይገባበታል እንጂ በገሃድ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ዓባይን በመሰለ ወንዝ ዳር ብንኖር የጣልነውን ወደ ሌላ አገር በወሰደልን ነበር (ይህም ደግ ሥራ አይደለም)፤ እዚህ ግን ከእኛው ጋራ ይቀመጣል። ፕላስቲክ ፀሐይና ማዕበል ሲሰባብሩት ይደቅቃል እንጂ ቶሎ አይበሰብስም፤ ደቃቁንም ዓሣ ሊውጠው ይችላል።

ከዚያ ወዲያ ስለ መነጽር አሠራር ማንበብ ጀመርሁ። ዛሬ «መስተዋት» የምንለው ሌንስ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ሲአር 39 የሚባለው በ1940 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ገደማ በአሜሪካ ተገኝቶ በጦርነቱ ጊዜ ለአውሮፕላን የነዳጅ ታንክ አገልግሏል። ሌንስ ሲመጣ ክብና ትልቅ ነው፤ ለፍሬሙ ልክ ሲቈረጥ ትርፉ ዱቄት ሆኖ ይጣላል። አሴቴት የተባለው የፍሬም ዓይነት ከጥጥና ከእንጨት ቢጀመርም ሌላ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ርካሹ ፍሬም ግን ባብዛኛው ከነዳጅ ዘይት የተገኘ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲወጣ ሁላችን አውርተናል፤ ስለ መነጽር ያነሣ ግን አልሰማሁም።

መነጽር አታድርጉ የምል አይምሰላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰው የማየት ችግር አለበት፤ ከዚህም ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑ ሊከለከል የሚችል ወይም ገና ያልታከመ ነው። እኔም ያለ መነጽር ዛሬ እረኛ በሆንሁ ነበር።

በሚያዝያ የአያቴን ፍሬምና ሁለቱን ሌንሶች ይዤ ደሴ ሄድሁ። ባለሙያው በዓይኖቼ ብሌን መካከል ያለውን ርቀት ለካ፤ ሰፊዎቹ ሌንሶች ለትንሹ ክብ ፍሬም ስለበቁ እነርሱኑ ዙሪያቸውን ሞረዳቸው። ከማሽኑ ሥር ያለው ውኃ እንደ ወተት ነጣ። «ጋሼ፣ ይህ ወዴት ይሄዳል?» ብለው በአገጩ ወደ ቦዩ አመለከተኝ። የእናቴን ምክር በመጀመሪያው ቀን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁለተኛ ዱቄት ባልፈሰሰ፣ በጉም ባልተሸጠ ነበር።

ጓደኞቼ እንደ ፈራሁት «ሽማግሌው» ይሉኛል፤ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሰሌዳውን ስለማነብላቸው ግን ብዙ አይጨክኑብኝም። የቀኙ ዘንግ ብሎን ሰሞኑን ላልቷልና ቅዳሜ ወደ ሰዓት ሠሪው እሄዳለሁ።