የሸቤ ቃጫ

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ሰው ሰቃን ካለፈ በኋላ፥ ከጅማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሸቤን ያገኛል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ጎጀብ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወንዙን የተሻገረም ከፋ ገባ ማለት ነው። ስለ ሸቤ ሲነሣ ወሬው ሁሉ የቡና ነው። የበለጠ-ጌራ ደን በዚሁ አገር ስለሆነ፥ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ቡና የሚለቀምበት ስፍራ ሩቅ አይደለም። ዳሩ ግን ዐይኑን ወደ ጓሮው መለስ ያደረገ መንገደኛ፥ ከየቤቱ ጀርባ ሰፊ ቅጠሉን የዘረጋውን እንሰት ማየቱ አይቀርም። የአገሩ ኦሮሞ «ወርቄ» ይለዋል። አማርኛ ለለመደ ጆሮ ስሙ ወርቅን ያስታውሳል፤ የቃጫው ዋጋ ግን ከወርቅ ጋራ አያገናኘውም።

በክፍል ውስጥ «ቃጫ ከምን ይገኛል?» ብዬ ብጠይቅ አንዱ ተማሪ «ከሱቅ» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ። እናቱ ግን ሳታውቀው አትቀርም፤ ቃጫ የሚያወጡት ሴቶች ናቸውና። ዓመታት የቆየው እንሰት አበባ ከማውጣቱ በፊት ይቈረጥና ግንድ የሚመስለው አካሉ ልጥ በልጥ ይለያያል። ሴቲቱ ልጡን በተጋደመ ሳንቃ ላይ ዘርግታ፥ አንድ እግሯን ወደ ላይ አንሥታ በተረከዟ ትይዘዋለች፤ በተሰነጠቀ ቀርከሃም ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። የተፋቀው ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ገብቶ፥ ኮምጥጦ ቆጮ ይሆናል። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ነው። ሳንቃው ላይ የሚቀረው ረጅም ጭረት ደግሞ ቃጫው ነው፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይታሰርና ገበያ ይወጣል።

እንግዲህ የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። እንሰት የሚተከለው ለምግብ እንጂ ለቃጫ አይደለም። የገመድ ዋጋ ቢወደድ ገበሬው ያልደረሰውን እንሰት አይቈርጥም፤ ቢረክስም ቆጮ የሚበላ ቤተ ሰብ መፋቁን አይተውም። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ የምታገኘው ጥቂት እስር ነው። ፋብሪካ የሚፈልገው ግን ርዝመቱና ንጣቱ አንድ ዓይነት የሆነ፥ በመኪና የሚጫን ብዙ ቃጫ ነው። ስለዚህ በመካከል ከየቤቱ የሚለቃቅም ነጋዴ ይገባል፤ ዋጋውንም የሚቈርጠው እርሱ ነው።

በገበያ ያገኘኋቸውን አንዲት እናት «እማማ፥ ቃጫው ስንት ነው?» ብላቸው፥ ዋጋውን ትተው ማዶ ሱቅ በር ላይ የተንጠለጠለውን የናይሎን ገመድ በጣታቸው አሳዩኝ። «ያ መጥቶ እኮ ነው ልጄ» አሉኝ። ናይሎኑን ዝናብ አያበሰብሰውምና ገዢውን መውቀስ አይቻልም። እኔን ይልቅ የሚገርመኝ የቡናው ጆንያ ነው። የአገራችን ቡና ወደ ውጭ አገር የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ 60 ኪሎ በሚይዝ የጁት ጆንያ ሲሆን፥ ጁት በብዛት የሚበቅለው በሕንድና በባንግላዴሽ ነው። ቃጫ በሞላበት አገር የተለቀመ ቡና የቤንጋልን ልብስ ለብሶ ባሕር ይሻገራል! በሌላ በኩል የእንሰት ዘመድ የሆነው አባካ በፊሊፒንስ ለመርከብ ገመድና ለሻይ ከረጢት ወረቀት ይውላል። ልዩነቱ አባካ ለቃጫው ተብሎ መተከሉ ነው። እንሰት መፋቂያ መሣሪያዎች በአገራችን ተሠርተው ተሞክረዋል፤ ቃጫውን አሳምሮ ቆጮውን የሚያባክን መሣሪያ ግን ለባለ ጓሮዋ ምንም አይረባት።

ከገበያው የከፋው በሽታው ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቈረጥም ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ በ1968 እ.ኤ.አ. ለይተው ጻፉ። በ1974 ደግሞ በዚያው በከፋ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ተገለጸ። በ2001 በኡጋንዳ የሙዝ እርሻ ላይ መታየቱ ታወቀ፤ ከዚያም ወደ ጎረቤት አገሮች ተዛመተ። የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። ያለው ዘዴ የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ነው፤ የታመመውን የቈረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውን ያሻግራልና። በቆሎው የተበላሸበት ገበሬ በሚመጣው ክረምት ይዘራል። እንሰቱ ያለቀበት ግን አዲሱ ችግኝ እስኪደርስ ዓመታት መጠበቅ አለበት። እስከዚያው በባዶው ቦታ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ቢተክል ማን ይፈርድበታል? ያን ጊዜ ቆጮውም ቃጫውም አብረው ከጓሮው ይወጣሉ።

ይህንኑ ስለ ቢላዋው ለተማሪዎቼ ነግሬአቸው ነበር። አንዱ እጁን አወጣና «ጋሼ፥ እኛ ቤት ቢላዋ የለም፤ አባቴ ከጎረቤት ነው የሚዋሰው» አለኝ።