ፖሊስ ይመዘግባል እንጂ አይፈርድም



«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ሐበሻ የለም። ይሄ ተረት እኛን ተከትሎ ቀይ ባሕርን ተሻግሯል። እዚህ ሪያድ በቤት ሹፌርነት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንዳየሁት፣ አብዛኛው ሐበሻ ሹፌር የሙኻለፋ መልእክት ስልኩ ላይ ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ይከፍላል። «የት? መቼ? ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። ሳሂር የሚባለው የካሜራ ቁጥጥር ሪያድ ውስጥ የጀመረው በፈረንጆች 2010 ነው። ከዚያ ወዲህ ቅጣት የሚመጣው ፊት ለፊት ከቆመ ፖሊስ ብቻ አይደለም። ባልተፈቀደ ቦታ መኪና ማቆም ከ100 እስከ 150 ሪያል ያስቀጣል። ለአካል ጉዳተኞች በተለየ ቦታ ማቆም ከ500 እስከ 900 ነው። እየነዱ ስልክ መያዝም እንደዚያው። ቀይ መብራት መጣስ ደግሞ ከ3,000 እስከ 6,000 ሪያል ይደርሳል። እንደ እኔ በወር 1,500 ሪያል ለሚያገኝ ሰው ትንሹ የአካል ጉዳተኛ ቦታ ቅጣት የደመወዙ ሲሶ ነው።

መኪናው የከፊሉ ነው፤ እኛ የምንነዳው የሰው ንብረት ነው። ባለቤቱ በአብሽር ላይ እናንተን የመኪናው ተጠቃሚ አድርጎ ካስመዘገበ ግን ቅጣቱ የሚወድቀው በእናንተ ኢቃማ ላይ ነው። ኢቃማ ላይ ያልተከፈለ ሙኻለፋ ካለ ደግሞ የመውጫና መመለሻ ቪዛ አይወጣም። ለባለሀብት የፓርኪንግ ቅጣት የኪስ ገንዘብ ነው። ለእኛ ግን በእኛና በአገራችን መካከል የሚቆም አጥር ሊሆን ይችላል።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት እህቴ ከኮምቦልቻ ደወለች። «እማማ ታማለች፤ ደሴ ወስደናት ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ብሏል። ቀጠሮዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሳትገባ እንድታይህ ትፈልጋለች» አለችኝ። ለከፊሌ ነገርኩት። ደግ ሰው ነው። «ኢቃማህ ላይ ያለውን ጨርስ፣ ቪዛውን ዛሬውኑ አወጣልሃለሁ» አለኝ። አብሽርን ስከፍት አንድ ሙኻለፋ ተቀምጧል፤ 500 ሪያል፣ ለአካል ጉዳተኞች በተለየ ቦታ መኪና ማቆም።

ደጋግሜ አነበብኩት። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ሰዓቱ 10፡40፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ40። ቦታው ሰናዒያው አጠገብ ነው። ያን ሳምንት መኪናው ካምቢዮው ተበላሽቶ ጋራዥ ነበር። ሰኞ ማታ አስረክቤ፣ ረቡዕ ከሰዓት ነው የተረከብኩት። ደረሰኙ ከነቀኑና ከነሰዓቱ መኪናው ውስጥ አለ። ማክሰኞ እኔ ያን መኪና በዓይኔም አላየሁትም።

ጓደኞቼ ግን «ክፈልና ሂድ! እናትህ ናት እኮ፤ በ500 ሪያል ልትከራከር ነው?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ ከልባቸው ነው ያዘኑልኝ። እኔ ግን ሁለት ነገር አሰብኩ። አንደኛ፣ ያ 500 ሪያል ለእናቴ መድኃኒት የያዝኩት ነው። ሁለተኛው ከገንዘቡም በላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ በልጅነቱ መኪና ገጭቶት በአንድ እግሩ ነው የሚሄደው። የእንደሱን ሰው ቦታ ነጠቀ ተብሎ በስሜ እንዲጻፍ አልፈለግኩም። አስራ አራት ቀን አለኝ። አራቱን ለጉዞ ልተው፤ በአስሩ ልሞክር አልኩ።

በአብሽር በኩል ኢዕቲራድ፣ ማለትም መቃወሚያ አስገባሁ። መቃወም የሚቻለው ቅጣቱ ከተመዘገበ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ የእኔ ገና 18 ቀኑ ነበር። አረብኛ እናገራለሁ እንጂ በደንብ አልጽፍም። ስለዚህ የከፊሌ ትልቁ ልጅ አራት መስመር ጻፈልኝ። ስሞታም ልመናም አልነበረበትም፤ «በዚህ ቀንና ሰዓት መኪናው ጥገና ላይ ነበር፣ ማስረጃ አለኝ» ይላል።

በስድስተኛው ቀን ጠሩኝ። እውነቱን ልናገር፣ በሩ ላይ ስደርስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። በ2013 ኅዳር ማንፉሃ የሆነውን ያየ፣ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ የተመለከተ ሰው ዩኒፎርም ሲያይ ልቡ ቢመታ አይፈረድበትም። ውስጥ ያገኘሁት ሰውዬ ግን ደረሰኙን ተቀበለኝና ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ደረሰኙ ላይ ወዳለው ስልክ ደወለ። የጋራዡ ሰው መጀመሪያ «አላውቅም» አለ። ቀኑ ሲነገረው ቦታ ስለጠበበን መኪናውን አውጥተን ውጭ አቁመነው ነበር አለ። ሰውዬው ስልኩን ዘጋና «ሂድ፣ ይታያል» አለኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ሙኻለፋው ከስሜ ተነሳ። አልሀምዱሊላህ፣ እናቴ ኦፕራሲዮን ክፍል ሳትገባ እጇን ይዤ ነበር። ከፊሌ እስከ ዛሬ «ሙሐሚ» እያለ ይጠራኛል፤ ጠበቃው ማለቱ ነው።

ይሄን ስል መቃወም ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለቴ አይደለም። አንድ ጓደኛዬ በ3,000 ሪያል የቀይ መብራት ቅጣት ኢዕቲራድ አስገብቶ ነበር። ፎቶው መኪናውንም፣ ታርጋውንም፣ መብራቱንም ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ውድቅ ሆነበት፣ ከፈለ። ማስረጃ የሌለው ክርክር ጊዜ ማባከን ነው።

ብዙዎቻችን ከመጠየቅ ይልቅ ምሕረት መጠበቅ ይቀናናል። በ2017 ያለ ወረቀት ላሉት የ90 ቀን ምሕረት ሲታወጅ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ለትራፊክ ቅጣትም ከኤፕሪል 18 ቀን 2024 በፊት ለተጠራቀመው የ50 በመቶ ቅናሽ ተደርጎ ነበር። እስከ ኦክቶበር 18 የተባለው፣ በኋላ እስከ ኤፕሪል 18 ቀን 2025 ተራዘመ። ከዚያ ቀን በኋላ ለተመዘገበው የተባለው ቅናሽ 25 በመቶ ነው። ቅናሽ ሲመጣ መጠቀም ጥሩ ነው። ግን ያልሠራችሁት ጥፋት ግማሹም ቢሆን የእናንተ ዕዳ አይደለም።

ስለ መንገድ ላይ ፖሊስም ጥቂት ልበል። አገር ቤት የነዳ ሰው ትራፊኩ መንጃ ፈቃዱን ወስዶ ወረቀት ሲሰጠው ያውቃል። ያኔ ከፖሊሱ ጋር እዚያው መደራደር የለመደ አለ። እዚህ ያንን እርሱት። የሙሩር ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ሩኽሳ፣ ኢስቲማራና ኢቃማ የመጠየቅ ሥልጣን አለው፤ ያለ ክርክር ስጡት። ቅጣት መመዝገብም ይችላል። ቅጣቱ የሚከፈለው ግን በባንክ በኩል በሰዳድ ነው እንጂ በፖሊስ እጅ አይደለም። «ትንሽ ነገር» ልስጥ ማለት ከሙኻለፋው የከበደ ወንጀል ውስጥ ያስገባል። ልባችሁ ቢቃጠልም መንገድ ዳር አትጩኹ፤ መንገድ ዳር ዳኛ የለም። ፖሊስ ይመዘግባል እንጂ አይፈርድም። ቅሬታችሁን የሚያየው ሌላ ሰው ነው፤ የሚያየውም በወረቀት ነው።

ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። አባቶቻችን በዋርካ ሥር «ተጠየቅ!» እየተባባሉ የሚሟገቱ፣ «በሕግ አምላክ» ሲባሉ ባሉበት የሚቆሙ ሰዎች ነበሩ። ሕግ መጠየቅ ድፍረት ሳይሆን ጨዋነት ነበር። ስደት ላይ ያንን ትተን «አይከሰስ» የሚለውን ብቻ ይዘን ቀረን።

እንግዲህ ከተሞክሮዬ የምመክራችሁ ይሄን ነው። አብሽራችሁ የተመዘገበበት ስልክ በራሳችሁ ስም ይሁን። በሌላ ሰው ሲም የምትጠቀሙ ቅጣቱን የምትሰሙት ጊዜው ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ አንድ ቀን ክፈቱና እዩ። መኪና ለጋራዥ ስታስረክቡ ቀንና ሰዓት ያለበት ደረሰኝ ሳትይዙ አትሂዱ። የቤቱ ልጅ መኪናውን ሲወስድም ለከፊላችሁ በዋትሳፕ በአክብሮት ጻፉለት፤ «መኪናው አሁን ከእገሌ ጋር ነው» ማለት ጠብ አይደለም።

ቅጣቱን ከደመወዝ ስለመቁረጥም የሚጠይቁኝ አሉ። በ2013 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ እኛን የቤት ሹፌሮችንም ይመለከት ነበር። ያ ደንብ መቁረጥ የሚፈቀድባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝር ነበር፤ ሲቆረጥም ከግማሽ ደመወዝ መብለጥ የለበትም ይል ነበር። ስለዚህ «የወሩ ደመወዝ በሙሉ ለሙኻለፋ ሄደ» ከተባላችሁ ዝም አትበሉ፤ መጀመሪያ የቅጣቱን ዝርዝር አሳዩኝ በሉ።

አረብኛ ማንበብ የሚቸግራችሁ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናችሁ፤ በዚህ ማፈር የለም። ዓርብ ዓርብ ስንገናኝ ስልካችሁን አምጡ፣ አብረን እናነብበዋለን። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ታርጋውን አንድ በአንድ እናያለን። የሠራችሁት ከሆነ ሳይውል ሳያድር ክፈሉ። ያልሠራችሁት ከሆነ ግን 30 ቀኑ ሳያልቅ አራት መስመር እንጽፋለን።

ሰላም ያገናኘን።