ገዳዩ ሳይያዝ ሲቀር

የወንጀል ልብ ወለድ አንባቢ ከደራሲው ጋር ያልተጻፈ ውል አለው። መጀመሪያ ሬሳ ይገኛል፤ መሐል ላይ ጥርጣሬ ይበዛል፤ በመጨረሻ ግን ጥፋተኛው የእጁን ያገኛል። አሜሪካዊው ጄምስ ኤልሮይ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው «ኤል ኤይ ኮንፊደንሻል» ይህን ውል አፍርሶብኛል። ጥቂት የምለውም ስለዚሁ ነው።

ታሪኩ የ1950ዎቹ ሎስ አንጀለስ ነው። መነሻው ከእውነት የተቀዳ ነው፤ በ1951 የገና ዕለት የጠጡ ፖሊሶች ሰባት እስረኞችን፣ አብዛኞቹን የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን ወጣቶች፣ ክፉኛ ደብድበዋል። ስምንት ፖሊሶች ተከሰው አምስቱ ተፈርዶባቸዋል።

ኤልሮይ ከዚህ ተነስቶ ሦስት ፖሊሶችን ያቀርብልናል፦ ጉልበተኛውን በድ ዋይትን፣ ለመጽሔት ወሬ እየሸጠ ኪሱን የሚሞላውን ጃክ ቪንሴንስን፣ ሹመት ናፋቂውን ኤድ ኤክስሊን። ናይት አውል በተባለ ቡና ቤት የተጨፈጨፉትን ሰዎች ገዳይ ሲፈልጉ ዱካው ወደ ገዛ መሥሪያ ቤታቸው ይመራቸዋል። ስመ ጥሩ ወንበዴ ሚኪ ኮኸን ወኅኒ ሲወርድ ገበያውን ለመውረስ ያደባው የራሳቸው አለቃ ደድሊ ስሚዝ ነው። ዓሣ ግማቱ ካናቱ ማለት ይኼ ነው።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን የኤክስሊ ነገር ነው። አባቱ የቀድሞ ፖሊስ፣ ኋላም ባለጠጋና ለካሊፎርኒያ ገዥነት የሚወዳደር ሰው ነው። የልጁ ምርመራ ዞሮ ዞሮ አባትየው ዝና ያተረፈበትን፣ እውነቱ ተደብቆ የተዘጋውን የጥንት የግድያ ጉዳይ ይነካል። ባዕድ ሌባን ማጋለጥ ቀላል ነው፤ ያሳደገህን ሰው ፋይል መክፈት ግን ሌላ ነው። ኤክስሊ ከፈተው፤ አባቱንም አጣ።

ስሚዝስ? በ1997 የወጣው የኩርቲስ ሃንሰን ፊልም ኤክስሊ በጥይት ሲጥለው ያሳየናል። በመጽሐፉ ግን ማንም አይነካውም፤ እንዲያውም በ1992 በታተመው «ዋይት ጃዝ» ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ወዳጄ በዚህ ተናዶ፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ገጽ ለምን አስለፋን?» ብሎኛል።

ለወዳጄ የምሰጠው መልስ ከደራሲው ሕይወት የተገኘ ነው። የኤልሮይ እናት በ1958፣ እሱ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ተገድላ ተገኘች። ካደገ በኋላ ከአንድ ጡረተኛ መርማሪ ጋር ጉዳዩን እንደገና አገላብጦ በ1996 መጽሐፍ ጽፎበታል፤ ገዳይዋ ግን አልተገኘም። እንዲህ ያለውን ሰው ገዳይ ሁሉ ይያዛል ብለህ ጻፍልኝ ማለት ይከብደኛል።

ስለዚህ ፊልሙን ወድጄ ከመጽሐፉ ጋር ቆሜያለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ እፎይ ብዬ ተነሥቻለሁ። መጽሐፉን ካነበብኩ ወዲህ ግን አንድ የወንጀል ጉዳይ «ተዘጋ» ሲባል ስሰማ የማነሣው ጥያቄ ተለውጧል፤ ማን ገደለ ብቻ ሳይሆን፣ ፋይሉን የዘጋውስ ማን ነው እላለሁ።