የቤቱ ታሪክ የማን ታሪክ ነው?

ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ ሳጥን ውስጥ የቆየ የግብር ደረሰኝ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ካገኛችሁ አትጣሉት። ግን የቤታችሁን ታሪክ ከእሱ ብቻ አትጻፉ።

በእንግሊዝ አገር የገጠር መኳንንት ቤቶች ታሪክ የሚጻፈው በአብዛኛው ከወረቀት ነው፤ ከኪራይ መዝገብ፣ ከጋብቻ ውል፣ ከኑዛዜ። ቤቱ ለብዙ ትውልድ በአንድ ቤተሰብ እጅ ሲቆይ ወረቀቱም አብሮት ይቆያል። ስለዚህ መጽሐፉ ለረጅም ጊዜ የጌቶቹ ታሪክ ሆኖ ኖረ፤ የወጥ ቤቷና የገበሬው ታሪክ መነሳት የጀመረው ዘግይቶ ነው።

እኛ ዘንድ ወረቀቱም የለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን፣ ሐምሌ 19 ቀን የወጣው ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በዚያ ጊዜ ባለርስት መባል ስለሚያስፈራ የእኛ ቤተሰብም ሰነዱን አቃጠለ።

እናቴ 80 ዓመት ሲሞላት ዘመድ ሁሉ ጊኒር ሊሰበሰብ ሆነና ለእንግዶች የሚታደል የቤታችንን ታሪክ እንድጽፍ ታዘዝኩ። በእጄ የነበረው ሦስት ደረሰኝ፣ አንድ ፎቶግራፍና ሁላችንም በቃላችን የምናውቃት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «አያታችን ባዶ መሬት አቀኑ።»

ጎረቤታችንን፣ እኛ «አኮ» የምንላቸውን አዛውንት፣ ጠየቅኳቸው። ቡናቸውን እየጠጡ ሳቅ አሉ። «ባዶ አልነበረም ልጄ። የአባቴ የከብት በረት እዚያ ነበር። የቤታችሁን የጽድ ምሰሶ በትከሻቸው ያመጡትም እሳቸው ናቸው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀላድ ሲጣል መሬት በጋሻ ይለካል፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይሆናል። በስሙ ያስመዘገበና ግብር የከፈለ ባለርስት ተባለ። ከብቱን ሲያግድበት የኖረው ግን ስሙ መዝገብ ላይ ከሌለ ጭሰኛ ሆነ፤ ከምርቱም ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን አስረከበ። በ1955 ዓ.ም. ተነስቶ እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀውን የባሌን አመፅ ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ ይኸው የመሬትና የግብር ጉዳይ ነበር። ደረሰኙ ማን እንደከፈለ ይናገራል እንጂ ከዚያ በፊት ማን እንደነበረ አይናገርም።

የጻፍኩትን ለአጎቴ አነበብኩላቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ጋሼ፣ አኮ የነገሩኝን ነው የጻፍኩት» አልኳቸው። «በልደት ቀን የአባቴን ስም ልታዋርጂ ነው? እሳቸውም እኮ ለፍተዋል!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለፍተዋል። እሱንም ጽፌዋለሁ።

እናቴ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና «አኮ ግብዣው ላይ ይመጣሉ አይደል? እሳቸው ተቀምጠው "ባዶ መሬት" ተብሎ ሲነበብ እኔ የት ልግባ? በይ የአባታቸውን ስም አስገቢ» አለች። ገባ።

እናንተም ለመጻፍ ካሰባችሁ አረጋውያንን «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። «ከጣሊያን በፊት ነው በኋላ? ከአመፁ በፊት ነው? የትኛው ልጅዎ ሲወለድ?» በሏቸው፤ ዘመኑ ራሱ ይወጣል። ከቤተሰባችሁ ውጭ ያለ ቢያንስ አንድ ሰው ጠይቁ፤ ጎረቤት፣ የቀድሞ ጭሰኛ ልጅ፣ ቤቱን ያገለገለች ሴት። ሁለቱ ወሬ ካልተስማማ አንዱን አትሰርዙ፤ ማን ምን እንዳለ ለይታችሁ ሁለቱንም አስፍሩ።

ጋሼ እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። አኮ ግን ማንበብ ስለማይችሉ የልጅ ልጃቸው ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበላቸው። የአባታቸው ስም ጋ ሲደርስ «እስቲ ድገመው» አሉት።