ሁለት ሁለት ሆነን በኬፕ ኮስት

ማክሰኞ ማክሰኞ የኬፕ ኮስት ዓሣ አጥማጆች ባሕር አይገቡም። በጋና ጠረፍ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ቀኑ የባሕሩ ዕረፍት ተብሎ ይከበራል። ጥንት ባሪያ ይጫንበት ከነበረው ግንብ ሥር፣ ቀለም የተቀቡት ረጃጅም ጀልባዎች አሸዋው ላይ ተደርድረው፣ ወንዶቹ ጥላ ፈልገው መረባቸውን ሲጠግኑ ይውላሉ። ለእኛ ለሚስዮናውያኑ ከሳምንቱ ቀን ሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው። እጁ ሥራ ይዞ ጆሮው ግን ነጻ የሆነ ሰው እንደ ማክሰኞ በሌላ ቀን አይገኝም።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ብዙ ሰው ሞርሞን ብሎ የሚያውቀን፣ የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ 18 ዓመት ከሞላው ለሁለት ዓመት በሚስዮናዊነት ሊያገለግል ይችላል። አገሩን ግን አይመርጥም። ደብዳቤ ይመጣል፤ የእኔው ጋና ይላል። አክራ ባለው ማሠልጠኛ ጥቂት ሳምንታት ቆይቼ ወደዚህ ተላክሁ።

ቀናችን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ስፖርት፣ ቁርስ፣ ለብቻ ንባብ፣ ቀጥሎ ከባልደረባ ጋር ንባብ። ወደ 4 ሰዓት ገደማ ነጭ ሸሚዝ ለብሰን፣ ከረባት አስረን፣ ጥቁሩን የስም ባጅ ደረታችን ላይ አድርገን እንወጣለን። ማታ 3 ሰዓት ቤት እንገባለን፤ 4 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ይጠፋል። ሰኞ ልብስ የምናጥብበት፣ ገበያ የምንወጣበት፣ ቤተሰብ ጋ የምንደውልበት ቀን ነው። እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ሚስዮናዊ የቤተሰቡን ድምፅ የሚሰማው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። አሁን በየሳምንቱ ሆኗል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህ ሁሉ ይለመዳል። የሚከብደው ለብቻ አለመሆን ነው። ባልደረባህን ከምታይበትና ከምትሰማበት ርቀት አትወጣም። አብረህ ትበላለህ፣ አብረህ ትሄዳለህ፣ አንድ ክፍል ታድራለህ። የሚያጣምርህም ሌላ ሰው ነው። እኔን ያጣመሩኝ ከአሜሪካ፣ ከአይዳሆ ከመጣ የድንች ገበሬ ልጅ ጋር ነበር። ሲያዝን ዝም ይላል፤ እኔ ደግሞ ሳዝን ወሬ ይበዛብኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሙቀቱ ይልቅ የደከመኝ የእሱ ዝምታ ነበር።

እውነተኛው ቅርርባችን ሙቀጫ አጠገብ ጀመረ። ከምእመናኑ አንዲት እናት ግቢ ስንደርስ ፉፉ ሊወቀጥ ነበር። ካሳቫና የሚቀቀል ሙዝ ይበስልና በትልቅ የእንጨት ሙቀጫ ይወቀጣል። አንዱ ቆሞ ቁመቱን በሚያክል ዘነዘና ይመታል። ሌላዋ ዝቅ ብላ ተቀምጣ፣ ዘነዘናው ሽቅብ ባለ ቁጥር እጇን ሰድዳ ታገላብጣለች። ውሃ ነካ ታደርጋለች፣ ታጥፋለች፣ ትሰበስባለች፤ ዘነዘናው ሲወርድ እጇ ወጥቷል። ባልደረባዬ ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ዘነዘናውን ያዘና ቆመ። ጣቷን እንዳይቀጠቅጥ ፈርቶ መምታት አልቻለም። እሷ ቀና እንኳ ሳትል፣ “ልጄ፣ አንተ ብቻ ምታ፤ እጄን እኔ አውቃለሁ” አለችው። መታ። ቆየት ብሎ ሁለቱ እኩል መተንፈስ ጀመሩ። ሲበላ ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ፤ በቀኝ እጅ መቁረስን ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ነውና አሳየሁት። ፉፉ እንደማይታኘክ ግን ለሁለታችንም አዲስ ነበር።

በዚህ አገር እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ ምን ፈለግህ አይባልም። መጀመሪያ መቀመጫ ይሰጠዋል። ቀጥሎ ውሃ ይመጣለታል፤ ዛሬ ዛሬ በትንሽ ላስቲክ የታሸገው ነው፣ ጥጉን በጥርስ ቀደድ አድርገህ ትጠጣለህ። ትንፋሽህ ከተመለሰ በኋላ ነው አባወራው የመጣህበትን ጉዳይ የሚጠይቅህ። የእኛ አባቶች የእግዜር እንግዳ ሲቀበሉ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ብዙዎቹ ትምህርታችንን አይቀበሉም፤ ውሃውን ግን ማንም አልነፈገንም። የሰው በር በማንኳኳት ለሚውል ወጣት ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሌሎች አገሮች ያገለገሉ ያውቁታል።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከከተማው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። “ቤተ ክርስቲያናችሁ ለጥቁር ክህነት ትከለክል አልነበረም?” ይሉኛል፤ ዓይናቸው ከባልደረባዬ ይልቅ እኔ ላይ ነው። ትከለክል ነበር። ክልከላው የተነሣው በጁን 1978 ነው። ጥያቄው ያመኛል፤ ሊያመኝም ይገባል፤ አድበስብሼ ማለፍ አልፈልግም። ከዚያ የዚሁን አገር ሰው የጆሴፍ ዊልያም ቢሊ ጆንሰንን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በ1964 መጽሐፈ ሞርሞን እጁ ገባ፤ አምኖ ማንም ሳይልከው ይሰብክ ጀመር። ክህነት የለውም፣ ሚስዮናዊ አልመጣለትም፤ እሱ ግን ጉባኤዎችን አቋቁሞ ለ14 ዓመት ያህል ጠበቀ። በዲሴምበር 1978 ሚስዮናውያኑ ሲደርሱ እሱና ብዙ ተከታዮቹ እዚሁ ኬፕ ኮስት ተጠመቁ። በ1989 መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱን ሲዘጋና የውጭ ሚስዮናውያንን ሲያስወጣ፣ ምእመናኑ አንድ ዓመት ተኩል ያህል በየቤታቸው እየጸለዩ ቆይተዋል። እዚህ እምነቱን የተሸከሙት የአገሩ ሰዎች ናቸው። እኔም በየግቢው ስቀመጥ ራሴን አስተማሪያቸው አድርጌ ማየት አልቻልኩም።

ስለ እናቴ ካልተናገርኩ ማስታወሻው ጎደሎ ነው። እናቴ ተዋሕዶ ናት፤ ረቡዕና ዓርብን አትፈታም። በመሄዴ አልቅሳለች። እኔ ቡና መጠጣት ከተውኩ ወዲህም ስታፈላ ቄጠማውን ጎዝጉዤ፣ ቡናውን ቆልቼላት አብሬያት እቀመጥ ነበር። ቤተሰቦቿ በ77ቱ ረሃብ ከወሎ ተነሥተው ኮረም መጠለያ የደረሱ ናቸው፤ እሷ ያኔ ሕፃን ነበረች።

አንድ ሰኞ ባልደረባዬ አይዳሆ ያሉ አያቱን በቪዲዮ እያነጋገረ “ባልደረባዬ ኢትዮጵያዊ ነው” አላቸው። አሮጊቷ ትንሽ ዝም አሉና፣ “እኛ ለኢትዮጵያ ጾመናል” አሉ። እውነታቸውን ነው። በጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ ማለትም ጥር 1977 ዓ.ም.፣ በአሜሪካና በካናዳ ያለው ምእመን ሁለት ማዕድ ጾሞ የምግቡን ዋጋ ለረሃቡ እንዲሰጥ ተጠርቶ ነበር። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት ከቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎች ኤም. ራስል ባላርድና ግሌን ፔስ ኢትዮጵያ ድረስ ሄደው ሁኔታውን አይተዋል። ታሪኩን አውቀው ነበር፤ የጾመ ሰው ፊት ግን አይቼ አላውቅም። አሮጊቷ የዚያን ዕለት ልጆቻቸው እንዴት እንደራባቸው፣ ትንሹ እንዴት እንዳለቀሰ፣ ባለቤታቸው ላሞቹን አልበው ሲመለሱ ገንዘቡን ፖስታ ውስጥ እንዴት እንዳደረጉ ነገሩኝ።

ወዲያው እናቴ ጋ ደወልኩና ሁለቱን ስልኮች አቀራረብኳቸው። እኔ መሀል ሆኜ ማስተርጎም ጀመርኩ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች። “እማማ ብለህ ንገራት። ዕድሜ ይስጥዎት በላት። ከነልጆችዎ ነው የጾማችሁልን? በላት።” አሮጊቷ ከነልጆቻቸው መሆኑን ነገሯት። እናቴ ጾም ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ በሃይማኖት የሚለያየን ሁሉ እዚያ ላይ አላስቸገራትም። ያ ገንዘብ ኮረም ይድረስ አይድረስ አልጠየቀችም። የጠየቀችው ላሞቹ ስንት እንደነበሩ ነው። ስለ ላም ረጅም ጊዜ ተጫወቱ።

ከዚያ በኋላ የባልደረባዬ ዝምታ አላደከመኝም። ሲያዝን አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፤ ሲወጣለት ራሱ ይናገራል።

ዝውውር በየስድስት ሳምንቱ ይወጣል፤ የእሱም ወጣ፤ ሌላ ከተማ ደረሰው። ሲሄድ የእናቴን ቁጥር ወስዷል፤ ሰኞ ሰኞ እየደወለ “እንደምን አደሩ?” ይላታል፤ እዚያ መሽቶም ቢሆን “ደህና አድሬያለሁ ልጄ” ትለዋለች። አዲሱ ባልደረባዬ የአቢጃን ልጅ ነው። እሱ በፈረንሳይኛ ይጸልያል፣ እኔ በአማርኛ፤ የሚያግባባን እንግሊዝኛ ለሁለታችንም የተማርነው ነው። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ስለ እናቱ ጠየቅሁት። ወደ ሠፈር ስንወርድ፣ ዳገቱን ስንወጣ፣ ማታም ቤት እስክንገባ ስለ እሷ ሲያወራኝ ዋለ።