የሕፃናት ጠባይ በምን ይቀናል?

ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል። ንፍጡን መጥረግስ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ጠባዩን ማቅናት ነው። እናንተ ወጣቶች ታናናሾቻችሁን የምትጠብቁ፥ አንዳንዶቻችሁም ነገ ሞግዚት የምትሆኑ ናችሁና በዚህ ነገር ጥቂት ልንገራችሁ።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው አዞ ነበር። የልጅ ልጄ ከእንዲህ ያለው ማቆያ ይውል ስለ ነበረ፥ በጡረታ ዘመኔ እርሱን ለማምጣት ስመላለስ አንድ ነገር አየሁ። የሁለት ዓመት ተኩል ሕፃን ጓደኞቹን ይነክስ ነበርና ወላጆች ተቆጥተው «ይውጣልን» አሉ። ልጇን የምትጥልበት ሌላ ስፍራ ያልነበራት እናቱም ሥራዋን ልትተው ተቃረበች።

ሞግዚቲቱ ግን ልጁን ክፉ ነው ብላ አልፈረደችበትም፤ መቼ መቼ እንደሚነክስ ተመለከተች እንጂ። የሚነክሰው መጫወቻውን ሲነጥቁት ነበር። አንደበቱ ገና አልተፈታምና በአፉ ፈንታ ጥርሱ ተናገረለት። ስለዚህ ተንበርክካ ዓይኑን እያየች፥ «መንከስ ያማል፤ እጅህን ዘርጋና ስጠኝ በል» እያለች በየቀኑ አለማመደችው። የሚጣሉበትንም መጫወቻ ሁለት አደረገችው። ሳይነክስ በጠየቀ ጊዜ «ጎበዝ» ብላ ብቻ አላለፈችም፤ «እጅህን ዘርግተህ ጠየቅህ» ብላ መልካም ሥራውን በስሙ ጠራችለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ንክሻው ቀረ፤ እናቱም ሥራዋን አልተወችም።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ማሞላቀቅ ይሉታል። እኔ ግን አይደለም እላለሁ፤ መንከስ አንድም ቀን አልተፈቀደለትምና። ዱላ ልጁን የሚያስቆመው ባለ ዱላው ቆሞ ሳለ ነው፤ በነጠቁት ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አያስተምረውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ36ኛው አንቀጹ፥ ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

እንግዲህ ሕፃን ሲሮጥ «አትሩጥ» ከማለት «ቀስ ብለህ ሂድ» በሉት፤ የሚያደርገውን ያውቃልና። ጨዋታ ከማስተዋችሁ በፊት አስቀድማችሁ ንገሩት። ሲያጠፋም «ምን ፈልጎ ነው?» ብላችሁ መርምሩ፤ ከዚያም የሚፈልገውን የሚጠይቅበትን ቃል አስተምሩት።